ሳያስተምሩ ስለ መፈተን፤ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በአሜሪካ አገር

መግቢያ

አንድ ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲፈጽም የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ሁለት ነገር ይመሰክራል። አንደኛው፣ ባለወረቀቱ የተመደበለትን ዓመት በትምህርት ቤት መቀመጡን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተማረውን ማወቁን ነው። የመጀመሪያውን የትምህርት ቤቱ መዝገብ ያስረዳል፤ ክርክርም አይነሣበትም። የሁለተኛውን ማስረጃ ማን ይስጥ የሚለው ግን ብዙ አገሮችን ሲያከራክር የኖረ፣ ዛሬም ያልተቋጨ ጥያቄ ነው። አንዳንዶች፣ ተማሪውን በየቀኑ የሚያየው መምህሩ ይመስክር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ መምህር ሁሉ በአንድ ሚዛን ስለማይመዝን፣ መንግሥት ለሁሉ አንድ ወጥ ፈተና ያውጣ፤ ፈተናውን ያለፈው ብቻ ምስክር ወረቀት ይቀበል ይላሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን አሳብ ነው። ለምርመራችንም የአሜሪካን አገር መርጠናል። ምክንያታችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር ትምህርት በዋናው የየግዛቱ መንግሥት ሥራ ስለሆነ፣ አንዱ ግዛት ፈተናውን ሲያጸና ሌላው ሲተው ውጤቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ስለ ደረሰ፣ የደጋፊዎቹም የነቃፊዎቹም ቃል በማስረጃ ተመርምሯል። ሦስተኛ፣ ሕጉን ካወጡት ግዛቶች ብዙዎቹ መልሰው ስለ ሻሩት፣ ታሪኩን ከመነሻው ጀምሮ ለመከታተል ያመቻል። በመጨረሻም ከዚህ ታሪክ ለአገራችን ፈተና የሚጠቅመውን በአጭሩ እናመለክታለን። ስለ አሜሪካ በምንናገርበት ክፍል ሁሉ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይወቅልን።

1. የወጥ ፈተና ትርጓሜና አመጣጥ

ወጥ ፈተና የምንለው፣ ጥያቄው፣ የሚሰጠው ጊዜ፣ የአፈታተኑ ሥርዓትና የእርማቱ ደንብ ለተፈታኞች ሁሉ አንድ የሆነ ፈተና ነው። ጥያቄው በምርጫ የሚመለስ ወይም በመሣሪያ የሚታረም መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ድርሰትም ቢሆን በአንድ ደንብ እስከ ታረመ ድረስ ወጥ ሊሆን ይችላል። ዋናው ቁም ነገር፣ የአንዱ ተማሪ ውጤት ከሌላው ሲለይ ልዩነቱ ከተማሪዎቹ እንጂ ከፈታኞቹ እንዳይመጣ መጠበቅ ነው።

በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ፈተና መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1845 በቦስተን ከተማ የተደረገው ነው። ከዚያ በፊት የከተማው የትምህርት ኮሚቴ አባሎች ወደየትምህርት ቤቱ እየሄዱ ልጆቹን በቃል ይጠይቁ ነበር። እንዲህ በሆነ ጊዜ ለአንዱ ልጅ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ጥያቄ ይደርሰዋል፤ ጊዜውም አጭር ስለሆነ ለብዙው ልጅ ከነጭራሹ ጥያቄ አይደርሰውም። በ1845 ግን የማሳቹሴትስ ግዛት የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ የነበረው የሆሬስ ማን ወዳጅ ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው ከኮሚቴው ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጥያቄዎቹን አሳተመ፤ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ተማሪዎችም በጽሑፍ እንዲመልሱ ተደረገ። ውጤቱ እጅግ ዝቅተኛ ሆነ፤ በከተማውም ብዙ ክርክር ተነሣ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ያ ፈተና የተደረገው ትምህርት ቤቶቹን ለመመርመር ነበር። በውጤቱ የተነቀፉት የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊዎች እንጂ ልጆቹ አልነበሩም፤ በመውደቁ ምክንያት ወረቀት የተነፈገ ልጅም አልነበረም። የፈተናው ሸክም ከትምህርት ቤቱ ትከሻ ወርዶ በተማሪው ትከሻ ላይ የተጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

በኒውዮርክ ግዛት «ሪጀንትስ» የሚባለው የትምህርት ቦርድ በ1865 ወደ ከፍተኛው ትምህርት ቤት ለሚያልፉ ልጆች ፈተና ጀመረ፤ በ1878ም ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፈተና አወጣ። ቀጥሎም በ1914ና በ1915 ገደማ ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ የትምህርት ሊቅ በካንሳስ ግዛት፣ ከተሰጡት መልሶች ትክክለኛውን የማመልከት ጥያቄ አስተዋወቀ። በ1938 ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በእርሳስ የጠቆረውን መልስ እያነበበ የሚያርም መሣሪያ ለገበያ አወጣ። በዚህ ምክንያት የእርማቱ ወጪና ድካም ቀነሰ፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በአንድ ቀን ፈትኖ በአጭር ጊዜ ውጤት መስጠትም የሚቻል ሆነ።

2. ፈተናው ከምስክር ወረቀቱ ጋር የተቆራኘበት ምክንያት

ከ1970 በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ አንድ ትልቅ ቅሬታ ተሰማ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምረው የወጡ ወጣቶች ጋዜጣ አንብበው ለመረዳት፣ የሥራ ማመልከቻ ለመሙላት፣ የገንዘብ መልስ ለመቁጠር ያቅታቸዋል ተባለ። ቀጣሪዎች ምስክር ወረቀቱን አናምነውም አሉ፤ ወላጆችም፣ ልጆቻችን ሳያውቁ ከክፍል ወደ ክፍል እየተገፉ ወጡ ብለው አዘኑ። ቅሬታው ሐሰት አልነበረም። ለዚህ መድኃኒት ሆኖ የቀረበው፣ ማንም ተማሪ ቢያንስ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለይቶ በእርሱ ላይ መፈተን ነው፤ ይኸም የዝቅተኛ ችሎታ ፈተና ተባለ።

በዚህ አሳብ ቀድመው ከተራመዱት ግዛቶች አንዷ ፍሎሪዳ ናት። በ1976 ትምህርት ቤቶችን ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ በ1978ም ሕጉን አሻሽላ፣ የንባብና የሒሳብ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ መደበኛው ምስክር ወረቀት እንዳይሰጠው ደነገገች። የወደቀው ተማሪ ትምህርቱን መከታተሉን ብቻ የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ይሰጠዋል። ድንጋጌው በመጀመሪያ የሚያገኛቸው በ1979 የሚጨርሱትን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሳቡ ከግዛት ወደ ግዛት ተዛመተ። በ2012 ገደማ ከ50ዎቹ ግዛቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ሕግ ነበራቸው፤ ከአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ከመቶ 70 ያህሉ በእነዚህ ግዛቶች ውስጥ ይማሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማዕበሉ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በ2024 ሕጉን ያጸኑት ከዐሥር ያነሱ ነበሩ። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ፍሎሪዳ መመለስ ያስፈልጋል።

3. የፍሎሪዳው ክርክር

የፍሎሪዳ ፈተና በ1977 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከጥቁር ተማሪዎች ከመቶ 78፣ ከነጮቹ ከመቶ 25 ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ወይም በሁለቱም ወደቁ። ፈተናው ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ እንኳ፣ ምስክር ወረቀት ሊቀበሉ ከደረሱት ውስጥ ከጥቁሮቹ ከመቶ 20 ያህሉ ሳያልፉ ሲቀሩ፣ ከነጮቹ ሳያልፉ የቀሩት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። ከወደቁት አንዷ፣ በመዝገቡ ላይ ዴብራ ፒ. ተብላ ብቻ የተጻፈችው ተማሪ፣ ከሌሎች ጋር ሆና የግዛቱን የትምህርት ኮሚሽነር ራልፍ ተርሊንግተንን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች።

ዳኛው ጆርጅ ካር በ1979 ፍርድ ሰጡ። የፍርዱ ልብ ያለው በአንድ ቀላል ስሌት ላይ ነው። በ1979 የሚጨርስ ተማሪ አንደኛ ክፍል የገባው በ1967 ነው። በፍሎሪዳ ጥቁሮችና ነጮች ለብዙ ዘመን በተለያየ ትምህርት ቤት ሲማሩ የኖሩ ሲሆን፣ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች በሕንፃም በመጽሐፍም በመሣሪያም ያነሱ ነበሩ። የሁለቱ መቀላቀል የተፈጸመውም ከ1967 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ነው። እንግዲህ የከሳሾቹ መሠረት የተጣለው በዚያ በተጓደለ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ያጓደለው መንግሥት ነው፤ አሁን ደግሞ ጉድለቱን በፈተና ለክቶ ተማሪውን የሚቀጣው ይኸው መንግሥት ነው። ዳኛው ይህን ተመልክተው፣ ፈተናው እስከ 1982–83 የትምህርት ዓመት ድረስ ምስክር ወረቀት መከልከያ እንዳይሆን አዘዙ። በ1983 የሚጨርሰው ተማሪ አንደኛ ክፍል የገባው በ1971 ስለሆነ፣ ትምህርቱን በሙሉ በተቀላቀለው ትምህርት ቤት ተምሯል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ለተማሪዎቹ የተሰጣቸው ማስጠንቀቂያ አጭር መሆኑን ዳኛው ነቅፈዋል።

ነገሩ በይግባኝ ሲታይ በ1981 ሌላ ትልቅ ቁም ነገር ተጨመረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት እንዳለው፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ዓመት ተከታትሎ የሚፈለግበትን የፈጸመ ተማሪ ምስክር ወረቀቱን እንደ ንብረቱ ሊጠብቀው መብት አለው፤ ንብረትም ያለ አግባብ አይወሰድም። ስለዚህ በፈተናው ላይ የሚወጣው ጥያቄ በፍሎሪዳ ክፍሎች ውስጥ በእርግጥ የተማሩት ትምህርት መሆን አለበት። በሥርዓተ ትምህርቱ መጽሐፍ ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ይህንንም የማስረዳት ግዴታ የመንግሥት ነው፤ ተማሪው አልተማርኩም ብሎ ማስረጃ እንዲያመጣ አይገደድም።

ይህን ፍርድ ተከትሎ መንግሥት ብዙ ደከመ። በየወረዳው ያሉ መምህራን፣ በፈተናው የሚጠየቀውን እያንዳንዱን ችሎታ ማስተማር አለማስተማራቸውን ተጠየቁ፤ ተማሪዎችም እንዲሁ ተጠየቁ፤ ለወደቁት የሚሰጠው ተጨማሪ ትምህርትም ተመረመረ። በ1983 ዳኛው ማስረጃውን ተቀብለው ፈተናው እንዲጸና ፈቀዱ፤ በ1984ም ውሳኔው በይግባኝ ጸና። ስለዚህ የዴብራ ፒ. ክስ ፈተናን አላፈረሰም። ይልቁንም ፈታኙ ከመፈተኑ በፊት ሊያሟላው የሚገባውን አስቀመጠ፦ ማስጠንቀቂያው በቂ ዘመን ቀድሞ ይነገር፤ የሚጠየቀው ነገር በክፍል ውስጥ በእርግጥ የተማሩት ይሁን፤ ፈተናውም ያለፈ በደልን የሚያራዝም መሣሪያ አይሁን። በ2000 በቴክሳስ ግዛት ተመሳሳይ ክስ በተነሣ ጊዜም፣ ፍርድ ቤቱ ፈተናውን ያጸናው ጥያቄዎቹ ከትምህርቱ ጋር መስማማታቸውን፣ ለወደቁትም ማስጠናትና ደጋግሞ የመፈተን ዕድል መኖሩን ተመልክቶ ነው።

4. የማለፊያው መስመር እንዴት ይሠመራል?

ፈተና ለምስክር ወረቀት በር ሲሆን፣ «ከዚህ በላይ ያለፈ፣ ከዚህ በታች የወደቀ» የሚል መስመር ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ይህ መስመር በራሱ የሚገኝ፣ እንደ ውሃ መፍያ ልክ ያለ ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን መስመሩ የሰው ውሳኔ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ዊልያም አንጎፍ በ1971 የጻፈው ነው። በዚህ መንገድ ልምድ ያላቸው መምህራን ይሰበሰቡና፣ ለማለፍ በጭንቅ የሚበቃ አንድ ተማሪ በአሳባቸው እንዲስሉ ይነገራቸዋል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ እንዲህ ካሉት 100 ተማሪዎች ስንቱ በትክክል ይመልሱታል ተብለው ይጠየቃሉ። ለአንዱ ጥያቄ 80፣ ለሁለተኛው 60፣ ለሦስተኛው 40 ቢሉ፣ አማካዩ 60 ነው፤ በሦስት ጥያቄ ፈተና ማለፊያው ከመቶ 60 ሆነ ማለት ነው። መንገዱ ሥርዓት ያለው ቢሆንም፣ ሌሎች መምህራን ቢሰበሰቡ ሌላ ቁጥር ሊወጣ እንደሚችል ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመለኪያው ስሕተት ነው። አንድ ተማሪ ክብደታቸው እኩል የሆኑ ብዙ ፈተናዎች ቢፈተን፣ ዕውቀቱ ሳይለወጥ ውጤቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንድ ቀን የሚያውቀው ይመጣለታል፣ አንድ ቀን ሕመም ያገኘዋል። ይህ መዋለል ሊሰላ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ ከመቶ በሚታረም አንድ ፈተና የተማሪዎቹ ውጤት ከአማካዩ የሚርቅበት መደበኛ መጠን 15 ነጥብ ይሁን፤ የፈተናውም አስተማማኝነት 0.90 ይሁን፤ ይኸም እንደ ጥሩ ፈተና የሚያስቆጥር ነው። የመለኪያው ስሕተት 15 ሲባዛ በ0.10 ካሬ ሥር ይሆናል፤ ይኸውም 4.7 ነጥብ ያህል ነው።

ማለፊያው 50 ቢሆን፣ እውነተኛ ችሎታው 53 የሆነ ተማሪ በአንድ ቀን ፈተና የመውደቅ ዕድሉ ከመቶ 26 ያህል ነው። ማለፍ የሚገባው ሆኖ ሳለ ከአራት አንድ ጊዜ ይወድቃል ማለት ነው። አራት ጊዜ እንዲፈተን ቢፈቀድለት ግን በአራቱም የመውደቅ ዕድሉ ከ200 አንድ ያህል ይሆናል። በሌላ ወገን፣ እውነተኛ ችሎታው 45 የሆነ ተማሪ በአንድ ፈተና የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 15 ያህል ሲሆን፣ ምንም ሳይጨምር አምስት ጊዜ ቢፈተን ቢያንስ አንድ ጊዜ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 55 ይደርሳል። ከዚህ የምንረዳው፣ ፈተናን መደጋገም የሚገባውን ሰው ከመውደቅ ሲያድን የማይገባውንም እንደሚያሳልፍ ነው። ሁለቱን ስሕተቶች አንድ ላይ የሚያጠፋ መንገድ የለም፤ ሕግ አውጪው የትኛውን ስሕተት መሸከም እንደሚሻል መምረጥ አለበት። የፈተና ጠበብቶች፣ የተማሪ ዕድል በአንድ ቁጥር ብቻ አይወሰን፣ የክፍል ውጤቱና የመምህራኑ ምስክርነትም ይታይ ብለው የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው።

5. ፈተናው ምን ፍሬ አስገኘ?

ከሁሉ ይልቅ ለደጋፊዎቹ ማስረጃ የምትሆነው የማሳቹሴትስ ግዛት ናት። ይህች ግዛት በ1993 ሰፊ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ አወጣች፤ በሕጉም መሠረት ለድሆቹ ከተሞች ትምህርት ቤቶች የምትሰጠውን ገንዘብ በብዙ ጨመረች። ፈተናው መሰጠት የጀመረው በ1998 ሲሆን፣ ለምስክር ወረቀት ግዴታ የሆነው በ2003 ለጨረሱት ነው። እነዚህ ተማሪዎች ዐሥረኛ ክፍል ሆነው በ2001 ሲፈተኑ፣ ከአንድ ዓመት በፊት በእንግሊዝኛ ከመቶ 34 የነበረው የወዳቂ ቁጥር ወደ 18፣ በሒሳብ ከመቶ 45 የነበረው ወደ 25 ወረደ። ፈተናው ቁም ነገር ሲሆን ተማሪው ተግቶ ይማራል የሚሉት ይህን ይጠቅሳሉ፤ ንግግራቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን የሥራውን ቅደም ተከተል መመልከት ይገባል፤ ገንዘቡና ሥርዓተ ትምህርቱ ቀደመ፣ ፈተናው ተከተለ፣ ቅጣቱ ግን ዐሥር ዓመት ቆይቶ መጣ።

በዚያችው ግዛት ላይ ጆን ፓፔይ፣ ሪቻርድ መርኔንና ጆን ዊሌት በ2010 ያወጡት ጥናት ሌላውን ገጽ ያሳያል። አጥኚዎቹ በአንዲት ነጥብ ያለፉትንና በአንዲት ነጥብ የወደቁትን አነጻጸሩ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የዕውቀት ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው «ወድቀሃል» መባል ብቻ ነው። በከተማ ከሚኖሩ የድሀ ልጆች መካከል በሒሳብ ለጥቂት የወደቁት፣ ለጥቂት ካለፉት ይልቅ በጊዜያቸው የመጨረስ ዕድላቸው ከመቶ 8 ነጥብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በሌሎቹ ተማሪዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም። ባለጸጋው ወላጅ ለልጁ አስጠኚ ቀጥሮ እንደገና ሲያስፈትነው፣ የድሀው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል ብሎ መገመት ይቻላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2011 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ ሲመዝን፣ የመልቀቂያ ፈተናዎች የትምህርት ውጤትን ከፍ ሳያደርጉ የሚመረቁትን ቁጥር ከመቶ 2 ነጥብ ያህል ዝቅ እንዳደረጉ ገለጸ። በካሊፎርኒያ የሆነውም የሚያስደንቅ ነው። በ1999 የወጣው ሕግ በ2006 በሚጨርሱት ላይ ጸንቶ እስከ 2015 ሲሠራበት ቆየ። በ2015 ፈተናው ሲቋረጥ፣ ፈተናው ብቻ ይቀራቸው የነበሩ ተማሪዎች የሚፈተኑት ፈተና አጥተው በመካከል ቀሩ። በመጨረሻም የግዛቱ ምክር ቤት ፈተናውን አገደ፤ ከ2003–04 ጀምሮ ሌላውን ሁሉ አሟልተው በፈተናው ብቻ ለተከለከሉትም ምስክር ወረቀታቸው እንዲሰጣቸው ፈቀደ። ወረቀቱ ደረሳቸው፤ በመካከሉ ያለፈባቸው የሥራና የትምህርት ዕድል ግን አብሮ አልተመለሰም።

በማሳቹሴትስም በኅዳር ወር 2024 ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ ከመቶ 59 ያህሉ ፈተናው የምስክር ወረቀት ግዴታ መሆኑ እንዲቀር ወሰኑ። ፈተናው ራሱ ግን አልቀረም፤ ትምህርት ቤቶችን ለመመርመር ይሰጣል። በዚያ ክርክር ጊዜ በፈተናው ብቻ ምስክር ወረቀት የሚያጡት ከመቶ አንድ ያህል እንደሆኑ ተገልጾ ነበር፤ ከእነዚህም የሚበዙት እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ስደተኞችና የአካል ወይም የአእምሮ ችግር ያለባቸው ተማሪዎች ናቸው። የሕዝቡን ውሳኔ የነቀፉት ደግሞ፣ ከ300 የሚበልጡ የትምህርት ወረዳዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሚዛን ሲመዝኑ የድሀው ሰፈር ምስክር ወረቀት ዋጋ እንዳያጣ ሰግተዋል። ይህ ሥጋት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከ1970 በኋላ ወጥ ፈተናን የወለደው ይኸው ሥጋት ነበርና።

6. ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ያመለክታል?

በአገራችን ሕዝቡ «ማትሪክ» ሲል የኖረው የትምህርት መልቀቂያ ፈተና፣ ስሙና ክፍሉ በየጊዜው ቢለዋወጥም፣ ለብዙ ትውልድ የዩኒቨርሲቲ በር ሆኖ ኖሯል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ስርቆትንና መኮራረጅን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች በ1,161ዱ ይህን ውጤት ያገኘ አንድም ተማሪ አልነበረም። በተከታዮቹ ሦስት ፈተናዎች ያለፉት ከመቶ 3.2፣ 5.4ና 8.4 ሆነዋል።

ይህ ፈተና እውነቱን ገልጧል የሚሉት ትክክል ናቸው። በተሰረቀ መልስ የተገኘ ውጤት ለተማሪውም ለአገሩም አይበጅም። ነገር ግን ፈተናው የገለጠው እውነት ስለ ማን ነው? አንድ ተማሪ ብቻውን ቢወድቅ አልተጋም ማለት ይቻላል። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድም ሰው ሳያልፍ ሲቀር፣ ያውም እንዲህ ያሉት ከሺሕ ሲበልጡ፣ ሁሉም ሰነፎች ናቸው ማለት አይቻልም። በዚያ ቦታ የተፈተነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የቦስተኑ ፈተና በ1845 ያሳየውም ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ፣ በእኛ ዘንድ ውጤቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚሄደው ተማሪው ብቻ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የፍሎሪዳው ጥያቄ ለእኛም ይቀርባል። በፊዚክስ ፈተና ስለ ቤተ ሙከራ የተጠየቀው ልጅ ቤተ ሙከራ አይቷልን? የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፎች የሚያስተምር መምህር ነበረውን? ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቋንቋውን በሚገባ ተምሮታልን? በ2015 ከመቶ 50 ላላገኙ ብዙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት መሰጠቱ፣ ጉድለቱ የተማሪው ብቻ አለመሆኑን መንግሥት ራሱ እንዳወቀው ያሳያል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ማካካሻው መሰጠት ያለበት ከውድቀት በኋላ በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን፣ ከውድቀት በፊት በትምህርት ቤቱ ነው።

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ቢደረግ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ከፈተናው በፊት በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የትኛው ምዕራፍ እንደ ተማሩና እንዳልተማሩ ተመዝግቦ ከውጤቱ ጋር ይገለጥ። ሁለተኛ፣ ትምህርት የመፈጸም ምስክርነትና ለዩኒቨርሲቲ የመመረጥ ውሳኔ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ተለይተው ይታዩ፤ ለዩኒቨርሲቲ ያልበቃ ሁሉ ምንም አያውቅም ማለት አይደለምና። ሦስተኛ፣ ከመስመሩ ጥቂት ነጥብ ዝቅ ያሉት፣ የመለኪያው ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ታስቦ የክፍል ውጤታቸው አብሮ ይመዘን።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነው ታሪክ ፈተና ክፉ ነው አያሰኝም። ፈተና ባይኖር ኖሮ የቦስተንን ትምህርት ቤቶች ጉድለት የሚያውቅ፣ በእኛም አገር አንድም ተማሪ ያላለፈባቸውን ከሺሕ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች የሚቆጥር አይገኝም ነበር። ነገር ግን ፈተና የሁለት ወገን ምስክር ነው፤ ስለ ተማረውም ስለ አስተማረውም ይመሰክራል። ምስክርነቱን ሰምቶ አንዱን ወገን ብቻ መቅጣት ባልዘሩበት እርሻ ላይ እንደ ማጨድ ይቆጠራል። ምስክር ወረቀት የሚከለክል መንግሥት፣ ተማሪውን «ምን ታውቃለህ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ምን አስተማርኩት?» ብሎ ራሱን ጠይቆ በማስረጃ መመለስ አለበት። የዚህን ጥያቄ መልስ በየትምህርት ቤቱ ሄዶ መርምሮ ማምጣትም፣ ፈተናውን አልፈን እዚህ ለደረስነው ለእኛ ለተማሪዎች የሚገባ የጥናት ሥራ ነው።